የሽቦው አይሱዙና የፕላስቲኩ ጡብ

፩

ሒስ ሲባል የብዙዎቻችን እጅ የሚሰነዘረው ወደ ልብ ወለድና ወደ ግጥም ነው፤ ቢበዛ ወደ ቴአትር። ቅርጻ ቅርጽ የተባለ እንደሆነ ደግሞ አደባባይ ላይ የቆመ፣ ከነሐስ ወይም ከድንጋይ የተሠራ፣ ግርጌው ላይ ስምና ዘመን የተጻፈበት ነገር ይታየናል። ከዚያ ያነሰውን፣ በእጅ የሚያዘውን፣ በዘንግ የሚገፋውን፣ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ የሚፈርሰውን፣ «እሱማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ኧረ ለመሆኑ ጨዋታን ሒስ አይነካውም ያለው ማን ነው? ጨዋታም ይዘት አለው፤ ቅርጽም አለው። ሠሪው መርጧል፣ ጥሏል፣ አስተካክሏል። የመረጠና የጣለ ሰው ደግሞ «ለምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። መጠየቅ ክብር ነው፤ የማይጠየቅ ሥራ የተናቀ ሥራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሥራዎችን እንመረምራለን። አንደኛው ከፕላስቲክ የመጫወቻ ጡብ፣ በተለምዶ «ሌጎ» ከምንለው፣ የተሠራ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ከሽቦ የተሠራ የጭነት መኪና፣ ያውም አይሱዙ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰፈር፣ የአዲሱ ገበያ ሥራዎች ናቸው። አዲሱ ገበያን ለማያውቅ አንባቢ ለማስታወስ ያህል፣ ከፒያሳ ወደ ሰሜን ሽቅብ ተወጥቶ፣ የጎጃም መንገድ ከተማውን ትቶ ወደ ሱሉልታ ከመዝለቁ በፊት፣ እንጦጦ ሥር የሚገኝ የጉለሌ ሰፈር ነው። የሠሪዎቹን ስም አንጠቅስም፤ ሁለቱም ይህን ብለው አላወጡትምና። ሥራዎቹ ግን ወጥተው ታይተዋል፤ የታየ ነገር ደግሞ ሒስ ይቀበላል።

፪

በቅድሚያ ስለ ጡቡ። የአንድን ሥራ ዋጋ ለመናገር የተሠራበትን ነገር ጠባይ ማወቅ ግድ ነው፤ የግጥምን ምት ሳያውቁ ግጥም መተቸት እንደማይቻለው ሁሉ።

ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ከተማ የሚኖር አናጢ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ዓለም በሙሉ በኢኮኖሚ ድቀት በነበረበት ወቅት፣ የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ለድርጅቱ «ሌጎ» የሚል ስም አወጣለት፤ በአገሩ ቋንቋ «በደንብ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት አሳጥሮ ማለት ነው። የፕላስቲኩ ጡብ የመጣው በ1949 ነው። ሐሳቡ ግን ከባዶ አልፈለቀም፤ ሒላሪ ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ጡብ ሠርቶ ነበር። የዛሬው ጡብ፣ ከላይ ጉጥ፣ ከታች ደግሞ ጉጡን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ቱቦ ያለው፣ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት ጥር 28 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይጋጠማል። ከአንዱ ጉጥ መሐል እስከሚቀጥለው ጉጥ መሐል 8 ሚሊሜትር ነው፤ የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ምን አለፋችሁ፣ ይህ ጡብ እንደ ፊደል ነው። ራሱ ምንም አይናገርም፤ ሲገጣጠም ግን ይናገራል። ስምንት ስምንት ጉጥ ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ጡቦች በ24 ዓይነት መንገድ ይጋጠማሉ። ስድስት ከሆኑስ? ድርጅቱ ራሱ ለብዙ ዓመታት 102,981,500 እያለ ይናገር ነበር። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ በኮምፒዩተር ቢቆጥረው 915,103,765 ሆኖ ተገኘ፤ የቀድሞው ቁጥር ስድስቱ ጡቦች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረቡ የሚቆሙበትን ብቻ የቆጠረ ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ጡቡ ስሕተትን በነፃ ይምራል። የማይሆን ከሆነ ነቅለህ ትገጥማለህ፤ አይሰበር፣ አይጎድል። ሁለተኛ፣ ጡቡ ግትር ነው። ክብ ነገር አይወድም፣ ሰያፍ ነገር አይወድም፤ ሁሉን በአራት ማዕዘን ይፈልጋል። ከጡብ የሚሠራ ሰው ትግሉ ከዚህ ግትርነት ጋር ነው። ሥራው ሥነ ጥበብ የሚሆነውም፣ የሚሆን ከሆነ፣ በዚህ ትግል ውስጥ ነው እንጂ በጡቡ ብዛት አይደለም።

፫

በውጭው ዓለም ይህ ነገር ከልጆች እጅ ወጥቶ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በሳጥን ከመጣው ንድፍ ወጥተው የራሳቸውን ሐሳብ የሚገነቡ አማተሮች ብዙ ናቸው፤ የራሳቸውም የሒስ ቋንቋ አላቸው። ከሁሉ የሚያደንቁት ዕቃን ካለቦታው ማዋልን ነው። ለምሳሌ ድርጅቱ ራሱ በ2021 ባወጣው የቦንሳይ ዛፍ ላይ ሮዝ አበባ መስለው ከሩቅ የሚታዩት ነገሮች ቀረብ ብለው ሲያዩአቸው ትንንሽ እንቁራሪቶች ናቸው! እንቁራሪት ለአበባ! ይህ ግን አዲስ አይደለም። ፒካሶ በ1942 የብስክሌት ኮርቻና የብስክሌት መሪ አገናኝቶ የበሬ ራስ አድርጓል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሦስቱን እንጥቀስ። ኔታን ሳዋያ ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቃ ነበር፤ ሥራውን ትቶ ጡብ ገጣጣሚ ሆነና በ2007 የመጀመሪያውን የግሉን ኤግዚቢሽን አሳየ። ስመ ጥሩ ሥራው «ቢጫ» ነው፤ ሰውዬው ደረቱን በሁለት እጁ ሲቀድ ከውስጡ ጡብ ይፈስሳል። ከ11 ሺህ በላይ ጡብ ፈጅቷል። እኛ እንደምናየው ሥራው ጠንካራ የሚሆነው ደረቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተገነባው ነገርና የተገነባበት ነገር እዚያ ላይ አንድ ይሆናሉ። ፊቱና ክንዱ ግን ሌላ ቀራጺ በጭቃም ቢሠራው ያው ነው፤ ጡቡ እዚያ ላይ ጡብነቱን ለመደበቅ ይጥራል። ለመደበቅ የሚጥር ቁስ ደግሞ ትግሉን ሳይጀምር የተሸነፈ ነው።

ሁለተኛው ኤኮው ኒማኮ ነው፤ የጋና ትውልድ ያለው የካናዳ ሰው። በጥቁር ጡብ ብቻ ይሠራል። በ2019 «ኩምቢ ሳሌህ 3020» የሚል ሥራ አቅርቧል፤ ወደ 100 ሺህ በሚጠጋ ጥቁር ጡብ የጥንቱን የጋና መንግሥት መዲና ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ እንዴት ትሆን እንደነበር የሚያሳይ ከተማ ነው። ይህ ሰው በፋብሪካው ጡብ የፋብሪካውን ተረት አልደገመም። የአፍሪካን ከተማ ጎጆ ብቻ አድርጎ ለለመደ ዐይን ግንብና አደባባይ አሳይቷል። ጥቁር ቀለም ብቻ መጠቀሙ ደግሞ ዐይንን ከቀለም ጨዋታ አስጥሎ በጥላና በቅርጽ ላይ ያውለዋል።

ሦስተኛው ቻይናዊው አይ ዌይዌይ ነው። በ2014፣ የቀድሞ እስር ቤት በሆነችው በአልካትራዝ ደሴት፣ በአመለካከታቸው የታሰሩ ወይም የተሰደዱ የ176 ሰዎችን ገጽ በጡብ ወለሉ ላይ አነጠፈ። በተከታዩ ዓመት ድርጅቱ «ለፖለቲካ ሥራ ነው» ብሎ ጡብ በጅምላ አልሸጥለትም አለ፤ ሰዎች ከየቤታቸው እያወጡ ለገሱት። በ2016 መጀመሪያ ድርጅቱ ከእንግዲህ ለምን እንደምትገዙ አልጠይቅም ብሎ መመሪያውን ለወጠ። እንግዲህ «መጫወቻ ነው፣ ምን ቁም ነገር አለው» የሚል ካለ ይህን ያስብ። ቁም ነገር የሌለው ነገር ማን ይከለክላል?

፬

አሁን ወደ ሰፈራችን።

የጡቡን ማርያም የሠራው አንድ ወጣት ነው። ጡቦቹ በላስቲክ ከረጢት ተቀላቅለው የሚሸጡ የመርካቶ ጡቦች ናቸው፤ አንዳንዱ ላልቷል፣ አንዳንዱ አልነቀል ይላል። ሥራው በሁለት ክንድ ርዝመት ሰሌዳ ላይ ያረፈ ነው። እንጦጦ ማርያም፣ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት፣ ስምንት ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወጣቱ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር መምረጡን እዩልኝ! ሁሉን በአራት ማዕዘን ለሚፈልግ ጡብ ስምንት ማዕዘን ማዘዝ በሬን ግመል ሁን እንደ ማለት ነው።

እንዴት ተወጣው? ሰያፉን ግድግዳ በደረጃ በደረጃ እየሰበረ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ሰነፍ መፍትሔ ይሆን ነበር። እሱ ግን ማጠፊያ ያላቸውን ጥቂት ጡቦች ለቅሞ ግድግዳውን በእርግጥ አዞረው። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። ማዕዘኑ በሁለቱም በኩል አምስት አምስት ጉጥ የተቆረጠ እንደሆነ ሰያፉ 7.07 ጉጥ ይሆናል። 7.07 ጉጥ የሚባል ጡብ የለም፤ ሰባት ግን አለ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር ከምናምን ነው፤ ማጠፊያው ይችለዋል። ወጣቱ ይህን በስሌት ይሁን በመሞከር ያገኘው ለሒሱ ለውጥ አያመጣም፤ ግድግዳው ቆሟል፤ ብርሃንም ቀስ እያለ ከፊት ወደ ፊት ይዞርበታል። ይህ ንጹሕ የቅርጽ ድል ነው፤ ሳንሰስት እናመሰግናለን።

ይዘቱ ላይ ስንደርስ ግን ወቀሳ አለን። የፊት ለፊቱ ገጽ የፖስታ ካርድ ነው። በሩ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ሁሉ አለ፤ ሁሉም ጎብኚ ፎቶግራፍ ከሚያነሣበት ቦታ የታየ ነው። ሰው የለም። ነጠላዋን አጣፍታ ከደጅ የምትሳለም እናት የለችም። የኔ ቢጤ የለም። ከጫካው ጭራሮ ተሸክማ ጎብጣ የምትወርድ ሴት የለችም፤ እንጦጦን ያለ እሷ ማሳየት ደግሞ ከዓረፍተ ነገር ግሥን ማውጣት ነው። ወጣቱ በየቀኑ ከሚያየው ይልቅ ለማሳየት የሚያምረውን መረጠ።

ግን ዙሩና ጀርባውን እዩት። ነጭ ጡብ አልቆበታል። ስለዚህ በስተጀርባ በኩል ያለው ግድግዳ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በቀይ ተሞልቷል፤ ዝም ብሎ ሳይሆን፣ ከታች ጠቆር ያለው፣ ወደ ላይ ፈካ ያለው እየሆነ። ሠሪው በዚህ በኩል ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ሰው ሲመጣበትም ሰሌዳውን ወደ ፊቱ ያዞራል። እኛ ደግሞ እንላለን፦ ወንድማችን፣ ሥራህ ጀርባው ላይ ነው! ፊቱን ቤተ ክርስቲያኗ አዘዘችህ፤ ጀርባውን ግን አንተ ወሰንክ። የጎደለህን ነገር ሥርዓት አበጀህለት። በሚቀጥለው ጊዜ ከእጥረቱ ጀምር እንጂ እጥረቱን አትደብቅ።

፭

የሽቦው አይሱዙ ሠሪ ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። አሠራሩን ለማያውቅ ጥቂት እናስረዳ። ሽቦው ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ የሚወድቀው፣ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ነው። በቅድሚያ በድንጋይ ላይ ተቀጥቅጦ ይቃናል። ከዚያ በፒንሳ፣ ፒንሳ ከሌለ በጥርስ፣ ይታጠፋል። ጎማው ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ ይወጣል። መብራቱ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ከመሐል ረጅም ዘንግ ይነሣል፤ እሱ መሪው ነው፤ ልጁ ቆሞ እየነዳ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ከጡቡ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ጡብ የሚገጥም ሰው ፊደሉን ተቀብሎ ቃል ይሠራል፤ ሽቦ የሚያጥፍ ልጅ ግን ፊደሉንም ራሱ ይቀርጻል። ሽቦ ስሕተትን አይምርም፤ ታጥፎ የተቃና ሽቦ እየደረቀ ይሄዳል፣ አንዴ ሁለቴ ይታገሥና ቀጭ ይላል። ስለዚህ ልጁ ከማጠፉ በፊት አስቦ መጨረስ አለበት። አይሱዙውን በጭንቅላቱ ውስጥ ሠርቶ፣ ከዚያ እጁ ይከተላል። አንድ ሽቦ ከፊት መከላከያው ተነሥቶ፣ ካቢናውን ዙሮ፣ ጣሪያውን ሠርቶ፣ ሳይቆረጥ እስከ ሻንሲው ጭራ ይደርሳል። ግድግዳ የለውም፤ ጠርዝ ብቻ ነው። በአየር ላይ የተነደፈ ሥዕል በሉት። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር ከ1926 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ከሽቦና ከቡሽ ትንሽ ሰርከስ ሠርቶ እያንቀሳቀሰ ባሳየ ጊዜ የተደነቀው በዚሁ ነበር፤ ያ ሰርከስ ዛሬ በኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ይጠበቃል። የአዲሱ ገበያው ግን ክረምት ሲመጣ ይዝግና ይጣላል።

በርግጥ ሁሉም የሽቦ መኪና እኩል አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ሒስ የሚያስፈልገው። በሰፈሩ ካየናቸው ብዙዎቹ ካቢናቸው አንድ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ለትንንሾቹ ያስተማሩት ሥርዓት አለ፤ ትንንሾቹም እንዳለ ይደግሙታል። «ከልቡ ያፈለቀው» የምንለው ሁሉ ከልብ የፈለቀ አይደለም፤ ይህም ቢሆን በሳጥን ከመጣ ንድፍ የማይሻል የድጋሚ ሥራ ሊሆን ይችላል። ቆርኪውም ብዙ ጊዜ ጌጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ስላደረገ ሌላው ያደርጋል።

የምንናገርለትን አይሱዙ የለየው ሌላ ነው። ያዘነበለ ነው። ከኋላ የግራው ጎኑ ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ ያየነው ሰዎች ተጣሞበት መስሎን ነበር፤ ዕቃውን አውርደን ብናየው ግን ሽቦው ሆን ተብሎ በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ተደርጎ ታጥፏል። በላዩ ከማዳበሪያ ቁራጭ የተሰፉ፣ ሰጋቱራ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ተደራርበው በሲባጎ ተጠፍረዋል፤ ቁመታቸው ከካቢናው ይበልጣል። ይህ አይሱዙ ከጎጃም መንገድ እህል ጭኖ፣ ከልኩ በላይ ጭኖ፣ በሱሉልታ በኩል ቁልቁለቱን እያቃሰተ የሚገባው አይሱዙ ነው። ልጁ መኪና አልሠራም፤ ሸክም ሠራ። በየቀኑ መንገድ ዳር ቆሞ ያየውን፣ ከዕቃው ስበት የተነሣ የሚያዘነብለውን ነገር፣ አንድ ሽቦ በማጠፍ ተናገረው። ይህን በገጽ ሙሉ ቃል የሚናገር ደራሲ ብናገኝ በዚህ መጽሔት ስንት ቁጥር እናወድሰው ነበር!

፮

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለምንድን ነው የኔታን ሳዋያ ሥራ «ሥነ ጥበብ»፣ የዚህ ልጅ ሥራ «ዱርዬነት» የሚባለው? እናቱ «ጥናትህን ትተህ ሽቦ ስትለቅም ትውላለህ» ትለዋለች፤ አንፈርድባትም፣ ሽቦ እንጀራ እንደማይሆን አይታለች። ነገሩ ግን ከእናቱ ይበልጣል፤ ከቋንቋችን ይጀምራል።

በአማርኛ «ጥበብ» ስንል ዕውቀት ማለታችን ነው፤ ኪነት ማለታችን ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በነጠላው ጠርዝ ላይ የሚያወጣውም ጌጥ ስሙ «ጥበብ» ነው። ከዚሁ ሥር «ጠቢብ» ወጣ፤ ሊቅና አዋቂ። ከዚሁ ሥር ደግሞ «ጠይብ» ወጣ፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሚሰደብበት። አንድ ሥር፣ አንዱ ቅርንጫፍ አክሊል፣ ሌላው ቅርንጫፍ ስድብ! በወሬ የሚያውቀውን ከፍ አድርገን በእጁ የሚያውቀውን ዝቅ ያደረግን ሕዝብ መሆናችንን ቋንቋችን ራሱ መስክሮብናል። ከአዲሱ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ቀጨኔ አለ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ትንንሹን የጭቃ ምስል ለከተማው ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ከተማውም በጀበናቸው ቡና እየጠጣ «ቡዳ» ሲላቸው ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ዐይንን አያቀናም። ዛሬም እጅን የሚንቀው ዐይን አብሮን አለ፤ አሁን የሚያርፈው በሽቦው ልጅ ላይ ነው።

በዚህ ዐይን ላይ የተነሣ ሰው የለም አንልም። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው፣ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ኤልያስ ስሜ፣ አዝራር፣ ክር፣ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ከመርካቶ እየገዛ ሰፋፊ ሥራዎችን ሲሠራ ቆይቷል። «ታይትሮፕ» የሚለው ተከታታይ ሥራው በ2019 በአሜሪካ ሙዚየም ታይቷል፤ በ2022 ደግሞ ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሽን ላይ ቀርበዋል። ከመስከረም አሰጉድ ጋር መካኒሳ ላይ ያቋቋመው፣ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። የኤልያስን ሰሌዳ ከሩቅ ያየ ሰው ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስለዋል፤ ሲቀርብ በሺህ የሚቆጠር የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ይህ ከጡብ ሥራ ጋር አንድ ጎዳና ነው፤ ትንሽ፣ ተመሳሳይ፣ በፋብሪካ የወጣ ነገር ተደጋግሞ ፋብሪካው ያላሰበውን ሲናገር። ልዩነቱ፣ የኤልያስ ቁስ አንድ ጊዜ ሠርቶ የደከመ መሆኑ ነው፤ የሰው ድምፅ ያለፈበት ሽቦ ነው። ታዲያ ኤልያስን የምናደንቅ ሰዎች፣ ውጭ አገር ስለታየ ነው ወይስ ሥራውን ስላየን? ሥራውን አይተን ከሆነ የአዲሱ ገበያውንም እናያለን። ውጭ ስለታየ ብቻ ከሆነ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ነው።

፯

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ባልደረቦች እንደሚነሡብን እናውቃለን።

አንደኞቹ «አጋነናችሁት፤ ልጁ መጫወቱ ነው፣ ቅርጻ ቅርጽ ልሥራ ብሎ አላሰበም» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። እንጉርጉሮ የምታንጎራጉር ሴትም ሥነ ጽሑፍ ልፍጠር ብላ አታስብም፤ እኛ ግን የእሷን ቃል ሰብስበን ፈተና እንፈተንበታለን። አሳቢነት በዓላማ ስም አይለካም፤ በሥራው ውስጥ ባለ ምርጫ ይለካል። የዘነበለው ሽቦ ምርጫ ነው።

ሁለተኞቹ ከፊተኞቹ ይብሳሉ፤ ወዳጅ መስለው ስለሚመጡ። «ድህነት እኮ ነው ያስተማረው! ፕላስቲክ ጡብ ቢገዛለት ኖሮ ይህ ፈጠራ ይጠፋ ነበር» ይላሉ። ይህ ጠማማ ውዳሴ ነው። ድህነት ልጁን አላስተማረውም፤ ፒንሳ ነፈገው፣ ጣቱን አስቆረጠው፣ ሽቦውን አሳደደበት። ያስተማረው ዐይኑ ነው፤ ከእሱ በፊት ያጠፉ ልጆች ናቸው፤ ፒንሳውን አውሶት «ጣትህን ጠብቅ» ያለው ጎሚስታ ነው። ጡብ ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ያዘነበለ አይሱዙ በጡብ ለመሥራት የ5 እና የ7ን ምሥጢር ይፈልግ ነበር። የጡቡ ወጣትም ሽቦ ቢይዝ ያችን ጭራሮ ተሸካሚ ሴት ያለ ግድግዳ፣ በጠርዝ ብቻ ይሥላት ነበር ይሆናል። ችግር ብልሃትን ሊወልድ ይችላል፤ ብልሃትን የሚያሳድገው ግን ችግር አይደለም።

የሰፈራችንን ብልሃት ወደ ቁም ነገር ማዋል እንደሚቻል ደግሞ ምልክት አለ። ኩቢክ የተባለ ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከተጣለ ፕላስቲክ ያለ ሲሚንቶ እርስ በርሱ የሚጋጠም የቤት መሥሪያ ጡብ ማምረት ጀምሯል። ሐሳቡ የመጫወቻው ጡብ ሐሳብ ነው፤ አድጎ ቤት ሆነ እንጂ። በመጫወቻና በኑሮ መካከል ያለው አጥር እኛ እንደምናስበው ረጅም አይደለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ሰፊ ነገር አይደለም። ኤግዚቢሽን ይከፈት፣ ሽልማት ይሰጥ አላልንም፤ ሽልማት ካለ ሒስ ማባበያ ነው። የምንለው፣ ሥራዎቹን እንደ ሥራ እንያቸው፤ በሦስት ጥያቄ እንመርምራቸው። ቁሱ እምቢ ያለው ምኑን ነው? ሠሪው ምን ትቶ ምን አስቀረ? ሥራው ስለምን ይናገራል፣ ለማን? የጡቡ ማርያም ለፊተኛው ጥያቄ ግሩም መልስ አለው፤ ለሁለተኛው በጀርባው በኩል መልስ ጀምሯል፤ ለሦስተኛው ገና ነው። የሽቦው አይሱዙ ሦስቱንም መልሷል፤ ቆርኪውን ብቻ ቢያወልቀው ደስ ይለናል። ሁለቱንም ለሠሪዎቹ በቃል ነግረናቸዋል። ወጣቱ ተከራከረን፤ ልጁ ግን «ቆርኪው ከሌለ ማታ እንዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀን። ለዚህ መልስ ያለው ባልደረባ ካለ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው ቁጥር ቦታ ይዘንለታል። ቀጨኔን፣ ሽሮ ሜዳን፣ የየሰፈሩን የኩሽኔታ ጋሪና የጭቃ በሬ ያየም እንዲሁ። ሠሪውን ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ከፈቀደም ስሙን ከሥራው ሥር ጻፉለት።